አሥራ ሰባት ቀይ አዝራሮች

«ቁጥር ይጠሩብኛል» ብላ አነበበች ብጣሽ የሚሏት ልጅ፣ አንዱን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጋ። «ቁጥሩ ደግሞ ልክ ነው።»

ጠረጴዛውን የከበቡት ልጆች እርስ በርስ ተያዩ።

«የምን ቁጥር? የስልክ?»

«ስልኳን ከየት አምጥተው?»

«የክፍል ተራ ቁጥሯን ይሆናል» አለች አንዷ፤ ድምጿን እንደ ወንድ አጎርንና «አርባ ሁለት! ወዴት ነው አርባ ሁለት!» ስትል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ብጣሽም አብራ ሳቀች።

ያሉት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አልቆ የቀሩት የክበቡ ልጆች ብቻ ናቸው። ክበቡ የተቋቋመው በመንገድ ላይ የሚደርሰው ለከፋ እንዲቆም ነው። ለከፋ ምን እንደሆነ መቼም ለእናንተ አይነገርም። ፉጨቱ አለ፤ እጅ መጎተቱ አለ፤ እየተከተሉ መቀባጠሩ አለ፤ እንዳልሰማ ሰው አንገት ደፍቶ ማለፉም አለ። ልጆቹ በየመንገዱ ስም አንድ አንድ ፖስታ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ የደረሰባት ሁሉ ስሟን ሳትጽፍ ቦታውንና የሆነውን ጽፋ እንድትከት ለምነው ነበር። ይኸው ሁለት ሳምንቱ ሞላና ዛሬ ማክሰኞ ፖስታዎቹ ተከፈቱ።

ካርታውን የሠራችው ብጣሽ ናት። የልብስ ሰፊ ልጅ አይደለች? ወረቀት ላይ መሣሉን ትታ ነጭ አቡጀዴ ዘረጋች፤ መንገዶቹን በጥቁር ክር ጠለፈች፤ ትምህርት ቤቱን ከዩኒፎርም በተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ለጠፈችው። አንድ ወረቀት በመጣ ቁጥር ነገሩ በሆነበት ቦታ ላይ አንድ ቀይ አዝራር ይሰፋል። ዓርብ ዕለት የወላጆች ስብሰባ አለ። ካርታው አዳራሹ ውስጥ ይሰቀልና፣ ከዚያ በኋላ ልጆቹና ወላጆቻቸው አዝራር ወደ በዛባቸው ቦታዎች በእግራቸው ሄደው ባለቤቶቹን ያነጋግራሉ። ሐሳቡ ይኸው ነው።

ብጣሽ የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ በጨርቅ ብጣሽ ስትጫወት ስላደገች። ቤት «ብጣሼ»፣ ትምህርት ቤት «ብጣሽ»፤ እሷም ወዳዋለች።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው፣ ለእያንዳንዷ ልጅ የየሰፈሯን ፖስታ ነበር የሰጡት። «የራስሽን መንገድ ከአንቺ በላይ የሚያውቀው የለም» ብለው። ብጣሽ ሳቋን ሳትጨርስ ሁለተኛውን ወረቀት ገለጠች። ይሄኛውን ጮክ ብላ አላነበበችውም።

«ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ፣ የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ። ሳልፍ የስፌት መኪናቸውን አቁመው የወገቤን ልክ ይገምታሉ። ከዚያ ይሳሳቃሉ።»

ሳቋ ከንፈሯ ላይ ደረቀ። ሦስተኛውን ገለጠች። በረንዳው። አራተኛው፣ በረንዳው። «ሜትር ይዘን እንምጣ ወይ አሉኝ።» «እናቴ አብራኝ እያለች እንኳ አልተዉኝም።» «አሁን በገበያው ዞሬ ነው የምሄደው።» በዚያ መንገድ ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ ያለው የልብስ ስፌት ቤት አንድ ነው። የአባቷ ነው። ቤታቸውም ከጀርባው ነው።

መጀመሪያ ያነበበችውን ወረቀት መልሳ አየችው። ወደ ግራ የተጋደመ ጽሕፈት፣ «ቁ» ላይ ረጅም ጭራ። ይህን ጽሕፈት በጨለማ ብታየው እንኳ ታውቀዋለች። አራት ዓመት ሙሉ የቤት ሥራ የቀዳችው ከዚህ ጽሕፈት ነው።

«ያንቺ መንገድ ስንት ወጣው?» አሉ እትዬ፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይዘው።

ከጠረጴዛው በታች ቆጠረች። ሃያ ወረቀት። ሦስቱ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ፤ አሥራ ሰባቱ በረንዳው።

«ሦስት» አለች። «ፌርማታው ጋ። ሦስት ብቻ።»

ከጠረጴዛው ማዶ አንዲት ልጅ ቀና አለች። ሎቲ ናት። አንዱን የጆሮ ጌጧን ዋና ስትዋኝ ከጣለች ጀምሮ በአንዱ ብቻ ስለምትሄድ ነው ሎቲ ያሏት። የብጣሽ የልብ ጓደኛ ነበረች፤ «ነበረች» ያልኩት ከሁለት ወር ወዲህ ነገሩ ስለቀዘቀዘ ነው። ድሮ ከትምህርት ቤት አብረው ይመጡ ነበር። አሁን ሎቲ «እናቴ ቶሎ ነይ ብላኛለች» ትልና በሌላ መንገድ እብስ ትላለች። ብጣሽ «ኮርታብኝ ነው» ብላ ተቀይማ ነበር።

ሎቲ አየቻት። ራሷን አቀርቅራ የራሷን ፖስታ መቁጠር ቀጠለች።

ብጣሽ አሥራ ሰባቱን ወረቀቶች አጣጥፋ ኪሷ ከተተቻቸው።

*

በማግስቱ ብጣሽ ደወሉ እንደተደወለ በሩጫ ቤት ገባች። ልብስ መሞከሪያው ክፍል መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ፣ ካርታውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠርዙን የምትዘመዝም መሰለች።

እስቲ ስፌት ቤቱን ላሳያችሁ። በረንዳው ላይ ሁለት የስፌት መኪና አለ። አንደኛው ላይ ዚፕ ይቀመጣል፤ አፉ ተዘግቶ ስለማያውቅ ነው በሹፈት ዚፕ የተባለው። ሁለተኛው ላይ ረጅሙ፣ ጉልበቱ ከመኪናው አልፎ የሚታይ ሰውዬ። ሁለቱም ብጣሽን እንደ ታናሽ እህታቸው ነው የሚያዩዋት። የቦርሳዋ ማንገቻ ሲበጠስ ሳትጠይቅ የሚሰፋላት ዚፕ ነው። አባቷ ደግሞ ከበሩ እልፍ ብሎ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ኋላ ይቆማል፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ጠመኔው ጆሮው ላይ።

አባቷ የሚታወቀው በዓይኑ ነው። ሰው በበሩ ሲገባ አንድ ጊዜ ያየውና ሜትር ሳይነካ «ወገብህ ሰማንያ አራት ነው» ይለዋል። ሲለካ ልክ ይሆናል። ደንበኛው ይደነቃል። ዚፕና ረጅሙ ይህን ጥበብ ለመማር ስንት ዓመት ሞከሩ።

ሴት ልጅ ሲለካ ግን አባቷ እንዲያ አያደርግም። መጋረጃውን ይዘጋል፤ ብጣሽን ይጠራል፤ ቁጥሩን በሹክሹክታ ለእሷ ብቻ ይነግራታል፤ እሷ በልክ ደብተሩ ላይ ትጽፋለች። መጀመሪያ ሥራውን ሲያስተምራት፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እንዲህ ብሏት ነበር፦ «ይሄ የሰው ገመና ነው ብጣሼ። አንቺ ሰምተሽ ጻፊ፤ ሌላ ሰው አይስማ።»

ታዲያ እሱ ቤት በረንዳ ላይ ይህ ይሆናል ብሎ ማን ያምናል? ብጣሽ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና «ውሸት ይሁን» እያለች ነበር የምትጠብቀው።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ሁለቱ መኪናዎች በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ።

ይህን ጸጥታ ታውቀዋለች። ከጓሮ ሆና ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች። ክር የሚቀይሩ ይመስላት ነበር።

«ስልሳ አምስት» አለ ረጅሙ።

«ሂድ እዚያ! ዓይንህን ታጠብ፤ ሰባ ነች» አለ ዚፕ። ከዚያ ድምፁን ወደ መንገዱ ከፍ አደረገ። «እናት! እስቲ አንዴ ቁሚልን፤ እዚህ ሁለት ወንድማማቾች ሊጣሉብሽ ነው! ሜትር ይዘን እንምጣ ወይስ ራስሽ ትነግሪናለሽ?»

ብጣሽ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አደረገች። በበሩ በኩል መንገዱ ይታያል። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሳትሮጥ ለመፍጠን እየታገለች ታልፋለች። አንድ ጆሮዋ ላይ ጌጥ ያበራል።

ያን ጊዜ አባቷ ከጨርቁ ላይ ቀና አለ። ከመነጽሩ በላይ አንድ ጊዜ አየና ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ስልሳ ስምንት ነው» አለ።

በቃ። የተሳሳተ መልስ እንደሚያርም መምህር። ድምፁ ውስጥ ክፋት የለበትም፤ ሳቅም የለበትም። የተሳሳተ ልክ ሰማ፤ አስተካከለው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርግ የኖረውን።

«ጋሼ እኮ አይሸወድም!» አለ ዚፕ፤ ረጅሙ ጉልበቱን መታ። መኪናዎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ብጣሽ የልክ ደብተሩን ማየት አላስፈለጋትም። በዓመቱ መጀመሪያ፣ ለሎቲ ዩኒፎርም፣ ስልሳ ስምንትን በገዛ እጇ ጽፋዋለች።

*

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ሎቲን ውኃ ቧንቧው ጋ አገኘቻት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ብጣሽ።

ሎቲ እጇን እየታጠበች ነበር። ቧንቧውን ቶሎ አልዘጋችውም። «ምን ብዬ? አባትሽ እኮ ናቸው።»

«እናቴ ቶሎ ነይ ብላኛለች ስትይኝ...»

«ዋሸሁሽ። አንቺም ሦስት ብለሽ ዋሸሽ። እኩል ነን፤ በቃ።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ትናንት ታዲያ ለምን በዚያ አለፍሽ?»

«ዝናብ ሊመጣ ነበር። በገበያው ስዞር ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል። ዛሬስ ይተዉኝ ይሆናል አልኩ።» ቧንቧውን ዘጋችው። «የሚገርመኝ ምን መሰለሽ? ዩኒፎርሙን ሲለኩኝ ቁጥሩን በጆሮሽ ነበር የነገሩሽ። በሆዴ ‹እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው› ብዬ ነበር እኮ። አሁን በዚያ ሳልፍ ያ ደብተር ተከፍቶ መንገድ ላይ የተነበበብኝ ነው የሚመስለኝ።»

ብጣሽ መሬት መሬት አየች። ይቅርታ ልትል ፈልጋ የማንን ይቅርታ እንደምትጠይቅ ጠፋት።

«ስፊው አልልሽም» አለች ሎቲ። «አትስፊው አልልሽም። ቤትሽ ነው። አባትሽን ሰው እንዲጠላቸውም አልፈልግም። ግን በናትሽ፣ እኔ ፊት ተቀምጬ ሦስት አትበይ። ያን ጊዜ የሌለሁ መሰለኝ።»

ደወሉ ተደወለ።

*

ከትምህርት ስትመለስ ብጣሽ መጋረጃ ጀርባ አልገባችም። ካርታውን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ አባቷ ፊት ዘረጋችው።

«አባዬ፣ ቀይ አዝራር አለህ?»

«የቀረ አለ።» የአዝራሩን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አወረደላት። ካርታውን አየና ፊቱ ፈካ። «እሰይ! ይሄን ስፌት ማን አስተማረሽ? እኔ ነኝ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ይሄ ፌርማታው፤ ይሄ መድኃኒት ቤቱ... ቀዩ ምንድን ነው?»

«ሴቶች የሚለከፉበት ቦታ።»

«ጎበዝ። መቅረት ያለበት ነገር ነው። ገበያው አካባቢማ መተንፈሻ የለም ይባላል።»

ብጣሽ አሥራ ሰባት አዝራር ቆጥራ ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ ባለው ቦታ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠቻቸው። ቦታ አልበቃቸው ብሎ እላይ በላይ ሆኑ። አባቷ ጣቱን ወደ ካርታው ሰደደ፤ ከመድኃኒት ቤቱ ተነሥቶ አዝራሮቹ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ እኛ ቤት አይደለም እንዴ?»

«በረንዳው ነው።»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«አሥራ ሰባት ልጆች።» ወረቀቶቹን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

አባቷ መነጽሩን አስተካክሎ ሦስቱን አነበበ። አራተኛውን አላነበበም። «ዚፕ!» ብሎ ተጣራ።

ዚፕ ክር በጥርሱ እንደያዘ ገባ። ወረቀቱን አየ፤ ብጣሽን አየ፤ ሳቅ አለ። «ውይ ብጣሼ! ጨዋታ እኮ ነው። ማንን ነካን? ሥራው ሲሰለች አፋችንን እናፍታታ ብለን ነው እንጂ።»

«ጨዋታ ከሆነ» አለች ብጣሽ፣ «እኔ ሳልፍ ለምን አትጫወቱም?»

ዚፕ አፉን ከፈተ። ክሩ ወደቀበት። አንገቱን አከከ፤ ረጅሙን የሚፈልግ ይመስል ወደ በረንዳው ዞረ፤ ከዚያ ሳይናገር ወጣ።

«እኔ እቆጣቸዋለሁ» አለ አባቷ። «ሁለተኛ አይለምዳቸውም። በቃ፤ አዝራሩን አንሺው።»

እዚህ ላይ ብታቆም ይቀላት ነበር። አባቷን እንደ ዳኛ፣ ሁለቱን እንደ ጥፋተኛ አድርጋ ብትወጣ ሁሉም ሰላም ነው። ግን ወረቀቱ «ቁጥሩ ልክ ነው» ይላል። ልኩን የሚያውቀው ማን ነው?

«አባዬ» አለች። «ትናንት ስልሳ ስምንት ያልከው አንተ ነህ።»

«መቼ?»

«ሎቲ ስታልፍ። ስልሳ አምስት፣ ሰባ ሲባባሉ ቀና ብለህ ስልሳ ስምንት አልክ።»

አባቷ ግንባሩን ቋጠረ። እውነቱን ነው፤ አላስታወሰም። ቢያስታውስማ ይሻል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ነገሩ ሲመለስለት ከፊቱ ላይ አየችው። እጁ አንገቱ ላይ ወዳለው ሜትር ሄደ።

«እኔ... እነሱ ተሳሳቱና...»

«አንተ ነህ የሰው ገመና ነው ያልከኝ። በጆሮዬ ነግረኸኝ በመንገድ ጠራኸው። ሎቲ ቤታችን መምጣት የተወችው ለዚህ ነው። እኔ ኮርታብኝ ይመስለኝ ነበር።»

አባቷ የሜትሩን ጫፍ ጣቱ ላይ ጠቀለለ። ከውጭ የስፌት መኪና ድምፅ የለም፤ ዚፕና ረጅሙ ጆሯቸውን ጥለው እንደነበር አትጠራጠሩ።

«ነገ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ወላጆች» አለ በመጨረሻ፣ በዝግታ፣ «ግማሾቹ የኔ ደንበኞች ናቸው። የልጆቻቸውን ዩኒፎርም የምሰፋው እኔ ነኝ። ይሄን ካዩ ልጃቸውን ማን ይልክልኛል?»

ብጣሽ የተንሸራተተውን አዝራር ወደ ቦታው መለሰች።

«አንድ ስፊ። ቦታው መታወቁ አይበቃም? አሥራ ሰባት ምን ያደርጋል?»

«አሥራ ሰባት ልጆች ናቸው አባዬ።»

ሜትሩን ከአንገቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ወደ በረንዳው ወጣ። ስፊም አላለ፤ ተይም አላለ።

ብጣሽ ብቻዋን ቀረች። አዝራሮቹን አየቻቸው። አንዱን ብትሰፋ፣ ማን ያውቃል? እትዬ አይቆጥሩ። ወላጆቹ አይቆጥሩ። አንዲት ሎቲ ናት የምትቆጥረው፤ እሷም ምንም አትልም። ቀና ብላ ታይና አንገቷን ትደፋለች።

መርፌዋ ላይ ክር አስገባች። የሎቲን ወረቀት ከፊቷ አድርጋ የመጀመሪያውን አዝራር ሰፋች። ሁለተኛውን ሰፋች። ሦስተኛውን ስትይዝ ከመንገዱ የተማሪዎች ድምፅ መጣ፤ ትምህርት ቤት ቆይተው የወጡ ናቸው። በረንዳው ላይ መኪናዎቹ እየሠሩ ነበር። የልጆቹ ድምፅ ሲቀርብ አንደኛው መኪና ቀጥ አለ። ሁለተኛው ቀጥ አለ። የብጣሽ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ቁጥር አልተጠራም።

«መኪናው ይሂድ» አለ የአባቷ ድምፅ። «ልጆች ሲያልፉ ማቆም የለም። አቀርቅራችሁ ስፉ።»

አንደኛው መኪና ማጓራት ጀመረ። ሁለተኛው ትንሽ ዘገየ፤ እሱም ተከተለ። ነገም እንዲህ ይሆን እንደሆነ፣ አባቷ ገበያ ሲሄድስ፣ ብጣሽ አታውቅም። የልጆቹ ኮቴ ግን ሳይፈጥን አለፈ።

አባቷ ሲመለስ ሰባተኛው ላይ ደርሳ ነበር። አጠገቧ ቆመ። ሠራተኛ የሰፋውን ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የመጀመሪያውን አዝራር በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ ሳብ አደረገው።

«ነጠላ ክር ነው» አለ።

«አዎ።»

«ይረግፋል። ስንት ሰው የሚነካካው ነገር ነው።» ከመደርደሪያው ወፍራሙን ክር አንሥቶ ከፊቷ አኖረላት። ድምፁ ትንሽ ሻከረ። «ደርቢው።»

ብጣሽ ክሩን አጥፋ ደረበች። ከዚያ ትንሿን መቀስ አንሥታ የሎቲን አዝራር ፈታችና እንደገና ከአንድ ጀመረች።